ጅማ ያሉት አራት ሰርቪስ ክፍሎቻችን በ30 ዓመት ዋጋቸው ጨመረ ወይስ ቀነሰ?

የአዌቱ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1986 ከዋናው ቤት ጀርባ አራት ሰርቪስ ክፍሎች ሠራ። ጅማ ነን፣ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ በእግር ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ክፍሎቹ የእንጨትና የጭቃ ናቸው፣ ወለላቸው ሊሾ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ። ለአራቱም የወጣው 6,000 ብር አካባቢ ነበር። ይህን አፌን ሞልቼ የምናገረው እናታችን ደብተር ስላላት ነው። ኪራይ ስትቀበል ትጽፋለች፣ ጤፍ ስትገዛ ትጽፋለች፣ ቆርቆሮ ሲቀየርም ትጽፋለች። አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ነች።

ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብዬ ሁሉንም አገላበጥኩት። አንዱ ክፍል በ1987 የተከራየው በ30 ብር ነው። በ1994 50 ብር ሆነ። በ2000 150፣ በ2010 700፣ በ2017 ደግሞ 2,500 ደረሰ።

ይህን እንዳይ ያደረገኝ አንድ ሰው ግቢውን እንዳለ በ6 ሚሊዮን ብር ልግዛችሁ ማለቱ ነው። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ እንሽጥ ባይ ነው። 30 ብር የነበረው 2,500 ከሆነ ከ80 እጥፍ በላይ አድጓል፣ ከዚህ በላይ የት ይሄዳል ይላል። እህቴ የአባቴ ቤት አይሸጥም ብላ ቁርጥ አድርጋለች። እናታችን 74 ዓመቷ ነው፣ የምትኖረው ዋናው ቤት ውስጥ ነው፣ የወር ወጪዋንም የምትሸፍነው በዚያ ኪራይ ነው።

እኔን የከነከነኝ ይሄ 80 እጥፍ የሚባለው ነገር ነው። በ2010 አራቱ ክፍሎች በወር 2,800 ብር ያመጡ ነበር፣ እናቴም ከዚያ ላይ ቀንሳ እቁብ ትጥል ነበር። አሁን 10,000 ብር ያመጣሉ፣ እቁቡ ግን ከቀረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ኪራዩን እዚያው ደብተር ላይ ባለው የጤፍ ዋጋ አካፈልኩት። በ1987 ኩንታሉን በ240 ነው የገዛችው፣ ስለዚህ የአንድ ክፍል ኪራይ 12 ኪሎ ተኩል ጤፍ ይገዛ ነበር። በ1994 ጤፉ 220 ነበር፣ ኪራዩ ወደ 23 ኪሎ ገባ። በ2000 ጤፍ 650 ሲሆንም ያው 23 ኪሎ። በ2010 ኩንታሉ 2,500 ነበር፣ ኪራዩ 28 ኪሎ ሆነ። በ2017 ኩንታሉን በ13,000 ገዛች፣ ያ ማለት 19 ኪሎ።

እንግዲህ በብር ካየነው ያለማቋረጥ ወጥቷል። በጤፍ ካየነው ወጥቶ ወጥቶ ወርዷል። የቱ ነው ትክክለኛው? እናንተስ የወላጆቻችሁን ቤት ዋጋ በምን ትለካላችሁ? ከወንድሜ ጋር ለመጨቃጨቅ ብዬ አይደለም፣ እናቴ ከመወሰኗ በፊት ነገሩ ገብቶን ብንነግራት ብዬ ነው።

ፎርማን ከቆጪ፦

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ቤቱንና ቦታውን ለያያቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ስለደመርካቸው ነው የተምታታብህ።

እኔ ጅማ ውስጥ ግንባታ ላይ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። የአገራችን ዝናብ የዋዛ አይደለም፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወርዳል። የጭቃ ቤት ጠላቱ ከላይ የሚወርደው ብቻ አይደለም። ከቆርቆሮው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ መሬት ላይ ነጥሮ ግድግዳውን ከታች ይመታል፣ ምርጊቱ ይላጣል፣ ከዚያ ቋሚው እርጥበት ይይዛል፣ ምስጥ ይከተላል። ከውጭ ስታየው ቀለም ተቀብቶ ያምራል፣ ውስጡ ግን ባዶ ሆኖ የቆመው በማገሩና በልምድ ነው። ቆርቆሮውም ሚስማር የተመታበት ቦታ ላይ ነው መዛግ የሚጀምረው።

የድንጋይ መሠረት ካለው፣ ጣሪያው ወደ ውጭ ወጣ ያለ ከሆነ፣ በየዓመቱም ከክረምት በፊት ምርጊቱ ከታደሰ፣ የጭቃ ቤት 50 ዓመትም ይኖራል። በዓይኔ አይቻለሁ። ቋሚው በቀጥታ አፈር ውስጥ የተተከለ ከሆነ ግን 30 ዓመት ከኖረም ጥሩ ኖሯል። ማወቅ ከፈለግክ ወፍራም ሚስማር ያዝና ቋሚውን ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ውጋው። ሚስማሩ እንደ ቅቤ ከገባ አልቋል።

6 ሚሊዮን የሚከፍለው ሰውዬ ለአባትህ ክፍሎች አምስት ሳንቲም አልመደበም። ቁልፉን በተረከበ በሳምንቱ ያፈርሳቸዋል። የሚገዛው ቦታውን ነው፣ መንገዱን ነው፣ ውሃና መብራት መግባቱን ነው፣ ለዩኒቨርሲቲው መቅረቡን ነው። የአባትህ 6,000 ብር ሥራውን ሠርታ ጨርሳለች። በ1987 ኪራይ አስላው፣ በዓመት 1,440 ብር ስለሚያመጡ አራት ዓመት ትንሽ ሲያልፈው ወጪዋን መልሳለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነበር።

እኔ ብሆን አልሸጥም። አፍርሼ በብሎኬት እሠራዋለሁ። 3 በ4 የሆነ ክፍል የራሱ ሻወርና ሽንት ቤት ኖሮት፣ እኔ በቅርቡ በሠራሁበት ዋጋ ወደ 300,000 ብር ይፈጃል። እንደዚያ ያለ ክፍል እናንተ ሰፈር 5,000 ይከራያል። በዓመት 60,000 ነው። በአምስት ዓመት ወጪህን መለስክ ማለት ነው።

የሂርማታ ሰው፦

የአዌቱ ልጅ፣ ደብተር የያዙትን እናትህን ሰላም በልልኝ። እንደሳቸው የጻፈ ሰው ቢበዛ ኖሮ ስንት ክርክር በቀረ።

እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰድህ፣ ምክንያቱም 30 ዓመት ለቤት አጭር ነው። አያቴ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ሦስት የሚከራዩ ቤቶች ነበሩት። ቡና ይነግድ ነበር፣ በትርፉ ቤት ይሠራ ነበር። ያኔ ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ ማስቀመጫ አልነበረም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ 47 ወጣና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ቀረለት። ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆኑት ወደ መንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ በታች ያሉት ወደ ቀበሌ ሄዱ። አያቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሦስቱ ቤቶች አንድ ብር ኪራይ አልተቀበለም። በመንገድ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞር እንደነበር እናቴ ትነግረኛለች።

ከሦስቱ አንዱ አሁንም ቆሟል፣ የቀበሌ ቤት ነው። የሚኖሩበት ሰዎች ጥሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ በእነሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን ቤቱ አርጅቷል፣ ጣሪያው ጎብጧል። ኪራዩ ለጥገና የማይበቃ ትንሽ ብር ስለሆነ የሚያድሰው የለም። ቦታው ግን ጅማ ውስጥ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ፎርማን ቤቱንና ቦታውን ለያያቸው ያለውን እዚያ ሄደህ በዓይንህ ታየዋለህ።

ሁለተኛ ነገር። የ1994ቱን 50 ብር ስታሰላ ባዶ የቆዩትን ወራት አስበሃል? እኔ ያን ጊዜ በደንብ አስታውሰዋለሁ። የዓለም የቡና ዋጋ ፓውንዱ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች የወረደበት ወቅት ነው። ጅማም ሆነ አጋሮ ብር የሚባል ነገር ጠፋ። ገበሬው ቡናውን አልሸጠም ማለት ባለሱቁ አልሸጠም ማለት ነው፣ ባለሱቁ ካልሸጠ ደግሞ ልጅ ቀጥሮ አያሠራም፣ ያ ልጅ ክፍል አይከራይም። የኛ ሁለት ክፍሎች ወራት ሙሉ ተዘግተው ከርመዋል። ኪራይ በወረቀት ላይ 50 ብር ነው፣ ተከራይ ከሌለ ግን ምንም ነው።

ያኔ ያዳነን ዩኒቨርሲቲው ነው ብል ማጋነን አይደለም። የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1992 ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ በኋላ ዓመት በዓመት ሠራተኛ ጨመረ፣ መምህር ጨመረ፣ የክረምት ተማሪ መጣ፣ ሕመምተኛ ይዞ ከከፋና ከኢሉባቦር የሚመጣ ቤተሰብ በዛ። ከዚያ በፊት የጅማ ኪራይ ቡናን ተከትሎ ነበር የሚወጣውና የሚወርደው። ከዚያ በኋላ ደሞዝተኛ ገባበት። አባትህ ያን ቦታ ሲይዝ ይህን ያውቅ ነበር ብዬ አላስብም፣ ግን ከ1994 እስከ 2010 ያየኸው ጭማሪ አብዛኛው የዚያ ሥራ ነው።

መምህርት ነኝ (ተከራይ)፦

ሁላችሁም ባለቤቶች ናችሁ፣ እኔ ከሌላው ወገን ልናገር።

በ2000 ስቀጠር ደሞዜ ወደ 1,200 ብር ነበር። የተከራየሁት ክፍል ልክ እንደናንተው 150 ብር ነበር። ስምንት አንድ ማለት ነው። አሁን ደሞዜ በቁጥር ብዙ አድጓል፣ የምከፍለው ኪራይ ግን ከሩብ በላይ ይወስዳል። ጤፉም፣ ዘይቱም፣ የልጅ ክፍያውም አለ። አከራዬ ጥሩ ሴት ናቸው፣ አምና 1,000 ብር ልጨምር ሲሉኝ አለቀስኩ ብል አላፍርም። መጨረሻ ላይ በ500 ተስማማን። ለምን እንደተስማሙ ነገሩኝ፦ እኔ ብወጣ በ1,000 ጭማሪ የሚገባ ሰው እስኪያገኙ ሁለት ወር ባዶ ይቆያል፣ የሚገባውም ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አይታወቅም።

የአዌቱ ልጅ፣ ጤፍህ ከ28 ወደ 19 ኪሎ ለምን ወረደ ላልከው መልሱ ይሄ ይመስለኛል። እናትህ ዋጋ መጨመር ስላልቻሉ አይደለም። የኛ ደሞዝ ጤፉን ተከትሎ ስላልወጣ ነው። ኪራይ ተከራዩ ኪስ ውስጥ ካለው በላይ መውጣት አይችልም። ጤፍ ግን ከየትም የሚመጣ ገዥ አለው።

አንድ ነገር ደግሞ ለፎርማን። 5,000 ብር ለአንድ ክፍል የሚከፍል ተከራይ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ጎረቤቴ ያሉ አከራይ ከሰርቪሶቹ ፊት ሁለት ሻወርና የውሃ ታንከር ብቻ ጨምረው፣ ለየክፍሉም ቆጣሪ ለይተው፣ ኪራዩን በ800 ከፍ አደረጉ፤ አንድም ሰው አልወጣም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ታንከር ያለው ግቢ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ሴት ተከራይ ደግሞ ማታ መብራት ያለው ሽንት ቤት ካገኘች ከዚያ ግቢ አትወጣም።

ሂሳብ ሠራተኛ፦

መምህርት ያለችው በጣም ትክክል ነው። እኔ ቁጥሩን ልጨምርበት። ዘለግ ይላል።

በመጀመሪያ መለኪያው። ጤፍ ጥሩ መለኪያ ነው፣ ምክንያቱም እናትህ የሚገዙት እሱን ነው። ዶላርም እንይ ካላችሁ፦ ብር ለረጅም ጊዜ በዶላር 2.07 ነበር፣ በ1985 ወደ 5 ብር ተደረገ። አባትህ ክፍሎቹን የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። የ1987ቱ 30 ብር ወደ 5 ዶላር ነበር። በ2010 መጀመሪያ ብር እንደገና ሲወርድ ዶላር 27 ብር ገደማ ሆነ፣ 700 ብር ማለት 26 ዶላር። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ተነስቶ በጥቂት ወራት ከ100 በላይ ወጣ። የ2017ቱን 2,500 በ130 ብናካፍለው 19 ዶላር ነው። በጤፍም በዶላርም ቅርጹ አንድ ነው። ከ1987 ጋር ስናስተያየው ጨምሯል፣ ከ2010 ጋር ስናስተያየው ቀንሷል። 80 እጥፍ የሚለውን ወንድምህ ይተወው፣ የብሩ መውደቅ ነው የሚበዛው።

ሁለተኛ፣ ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ይሄ ነው። 6 ሚሊዮኑ እናታችሁ እጅ ላይ ስንት ሆኖ ይደርሳል? አባታችሁ አርፈዋል። በትዳር የተፈራ ንብረት ከሆነ ግማሹ የእናታችሁ ነው፣ ግማሹ ደግሞ የአባታችሁ ውርስ ሆኖ ለልጆች እኩል ይከፈላል። ስለዚህ ለመሸጥም ሆነ ለማደስ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት አለባችሁ። ካርታው አሁንም በአባታችሁ ስም ከሆነ ገዥው ራሱ ይህን ይጠይቃችኋል።

ከዚያ ግብሩ አለ። በፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ከሚከራይ ቤት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ይከፈላል። ወጪ ብላችሁ የምታሳዩት የ1986ቱን 6,000 ብር ከሆነ ከሞላ ጎደል ሙሉው ጥቅም ይሆናል። በከፋው ስሌት 900,000 ብር ገደማ ሄደ በሉ። 5.1 ሚሊዮን ይቀራል፣ የእናታችሁ ግማሽ 2.55 ሚሊዮን ነው። ባንክ ብታስቀምጡላቸው፣ በመደበኛ ቁጠባ 7 በመቶ፣ በዓመት 178,500 ብር። መኖሪያቸው ስለተሸጠ ደግሞ ቤት ይከራያሉ። እንደ ዋናው ቤታችሁ ያለውን በወር በ12,000 ቢያገኙ በዓመት 144,000 ነው። የሚተርፋቸው 34,500፣ በወር 2,875 ብር። አሁን 10,000 እያገኙ በራሳቸው ቤት ነው የሚኖሩት። በጊዜ ገደብ ብታስቀምጡት ወለዱ ከፍ ይላል፣ ግን ዋናው ገንዘብ ራሱ ባለበት አይቆይም። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፣ ያን ዓመት ባንክ የነበረ ብር ምን ሆነ የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን።

በሌላ በኩል ወንድምህም ያለምክንያት አልተናገረም። 120,000 ብር የዓመት ኪራይ ለ6 ሚሊዮን ሲካፈል 2 በመቶ ብቻ ነው። ይሄ ሲያዩት ያስደነግጣል። ግን እናታችሁ የሚኖሩበትን ዋናውን ቤት በነጻ አትቁጠሩት። የእሱን 144,000 ስትጨምሩበት 4.4 በመቶ ይሆናል፣ ያም ብሩ ሲወድቅ አብሮ የሚወጣ ንብረት ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ሊዝ። በአዋጅ 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ የተያዘ የቆየ ቦታ፣ ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ፣ ማለትም ለመንግሥት እየተከፈለ በጊዜ ገደብ ወደሚያዝ ይዞታ፣ ይገባል። ገዥው ይህን ያውቃል፣ ሲደራደር ይቀንስባችኋል። እናንተ ስትወርሱት ግን ነባር ይዞታነቱ እንዳለ ይቀጥላል። ያ ራሱ ዋጋ ነው፣ ግን እስከያዛችሁት ድረስ ብቻ።

ፎርማን፣ አንተን በአክብሮት ላርምህ። 300,000 አውጥቶ 5,000 ማግኘት አምስት ዓመት ነው ብለሃል። ያ ባዶ መሬት ላይ ቢሠራ ነው። አሁን ያለው ክፍል ሳይፈርስም 2,500 ያመጣል። አዲሱ የሚጨምረው 2,500 ብቻ ነው፣ በዓመት 30,000። ስለዚህ አሥር ዓመት ነው። ሲፈርስና ሲሠራ የሚቆመውን ኪራይ ጨምርበት፦ አራት ክፍል በአምስት ወር 50,000 ብር።

ፎርማን ከቆጪ፦

እህቴ፣ አመሰግናለሁ፣ ልክ ነሽ። እንደዚያ አስቤው አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ በአምስት ዓመት ይመልሳል ነበር የምለው።

ግን አንድ ነገር ልመልስ። አሮጌው ክፍል አሥር ዓመት ሙሉ 2,500 ያመጣል ብለሽ ነው ያሰላሽው። ቋሚው ከበሰበሰ ሦስት ክረምትም ላይሻገር ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የእኔ ስሌት ወደ እውነቱ ይጠጋል። ቋሚው ደህና ከሆነ ያንቺ ነው ትክክል፣ ያኔ ማፍረስ ኃጢአት ነው፤ መምህርት እንዳለችው ሻወርና ታንከር ጨምሮ፣ ምርጊቱን አድሶ፣ ከግድግዳው ሥር የውሃ መውረጃ ቦይ አውጥቶ መቀጠል ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ያለው ያ ሚስማር ላይ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ፕላኑን እዩ። መንገድ የሚወጣበት ከሆነ ካሳ የሚከፈለው ለተሠራው ግንባታ ነው፣ ለመሬቱ ምትክ ቦታ ነው የሚሰጠው፤ ምትኩ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ላይሆን ይችላል። የግንባታ ፈቃድ ሳይወጣ የተሠራ ክፍል ካሳ ሲመጣ ያጨቃጭቃል። አባትህ ሰርቪሶቹን ሲሠራ ፈቃድ አውጥቶ ከሆነ ወረቀቱን ፈልጉት።

የአዌቱ ልጅ፦

በጣም ነው የማመሰግነው። ሌሊቱን ሁሉ ደብተሩ ላይ ነበርኩ።

የሂርማታ ሰው፣ እውነትህን ነው። በ1994 ሁለት ክፍሎች ስድስት ስድስት ወር ባዶ ነበሩ። እናቴ «ሰው የለም» ብላ ነው የጻፈችው፣ ወር በወር፣ አንድም ሳትዘል። ከ48 የኪራይ ወር 36ቱ ብቻ ተከፍሏል። ስለዚህ 23 ኪሎ ያልኩት በእውነቱ 17 ኪሎ ነበር። 1994ን ጥሩ ዓመት አድርጌ ቆጥሬው ነበር፤ ለካ እናቴ እኛን እንዴት እንዳሳለፈችን እንኳ አላውቅም። ያን ዓመት የወርቅ ጆሮ ጌጧን የሸጠችበት ገጽም አለ። ለምን እንደሸጠች ማናችንም ጠይቀናት አናውቅም።

ሂሳብ ሠራተኛ፣ ያን 2,875 ብር ለወንድሜ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። አልተጣላንም፣ ደንግጦ ነው የደወለው። 6 ሚሊዮን ሲባል እናታችን የምታርፍበት መስሎት ነበር። አሁን መሸጡን ትቶ ለእድሳቱ የበኩሉን እንዲያዋጣ እየተነጋገርን ነው። የወራሽነቱን ጉዳይ ሳምንቱ ውስጥ እንጀምራለን፣ ካርታው እስካሁን በአባቴ ስም ነው ያለው፣ ችላ ብለን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። የፈቃድ ወረቀቱን ገና አላገኘንም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ታንከርና ሻወር ካስገባን ለአሁኖቹ ተከራዮች ኪራይ መጨመር የምንችለው እንዴት ነው? ሁለቱ ከእኛ ጋር ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ አንደኛዋ እናቴ ስትታመም የምታስታምማት ነች።

ሂሳብ ሠራተኛ፦

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ይላል። ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም በሚወሰነው ጣሪያ። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ለጅማ ያለውን አሠራር ጠይቁ። ተፈጻሚ ባይሆንም በጽሑፍ ተዋዋሉ። የእድሳቱን ደረሰኝ ሁሉ፣ የሲሚንቶውንም የቧንቧውንም፣ እናትህ ደብተር ውስጥ አስቀምጡት። አንድ ቀን ብትሸጡ እንደ 6,000 ብሩ በወሬ አይቀርም።

መምህርት ነኝ (ተከራይ)፦

እናትህን ለምታስታምመው ልጅ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ንገራት። ስንት እንደምትጨምሩ፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ። እኛን የሚያስለቅሰን ድንገት ሲመጣብን ነው።

የአዌቱ ልጅ፦

ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ፎርማን፣ ሚስማሩን ከሦስት ክፍሎች ቋሚ ላይ ሞከርኩት፣ አልገባም። የአራተኛው፣ የጥጉ፣ ግን እስከ ግማሹ ዘለቀ።

ፎርማን ከቆጪ፦

ያ የጥጉ ክፍል ከጣሪያው ውሃ የሚወርድበት በኩል ነው አይደል? አንዱ ብቻ ከሆነ ቋሚውን መቀየር ይቻላል፣ ግድግዳውን ማፍረስ አያስፈልግም። ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ሰፈር ሥራ አለኝ፣ ሲያልቅ ጎራ ብዬ አየዋለሁ። ተከራዩ እቃውን ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ይጠብቀኝ።